አራት ደብዳቤ ከሾኔ

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ፣ ከወንበሬ በስተጀርባ፣ አንድ የምስጋና ወረቀት በፍሬም ተሰቅሎ ነበር። «የድርጅቱን የኢሜይል ሥርዓት ከአላስፈላጊ መልእክቶች በማጽዳት ላሳዩት የላቀ ትጋት» ይላል። እንግዳ ሲመጣ ወረቀቱ እንዲታየው ወንበሬን ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሸት አደርጋለሁ። ካላየው ደግሞ ዞር ብዬ ያልተጣመመውን ፍሬም አቃናለሁ። አዎ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ፤ ምን ይደረግ።

የምሠራው ሆሳዕና ነው። ድርጅታችን በሾኔ፣ በጊምቢቹና በዳምቦያ ክሊኒኮች አሉት፤ ዋናው ቢሮና ትልቁ ክሊኒክ እዚሁ ሆሳዕና ናቸው። እኔ የኢሜይል ሰርቨሩ ኃላፊ ነኝ። «ኃላፊ» ስላችሁ በሥሬ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። በሥሬ ያሉት አንድ ሰርቨር፣ አንድ ባትሪና አንድ ማራገቢያ ናቸው። ማራገቢያውም ቢሆን ደስ ሲለው ነው የሚታዘዘኝ።

በእኛ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማለት ማህተም ነው። ማህተም የሌለበት ጽሑፍ ወሬ ነው፤ ማንም አይሠራበትም። ስለዚህ ኢሜይልን ለክሊኒኮቹ ሳስገባ በራሳቸው መንገድ ተቀበሉት። ደብዳቤው ይተየባል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ሐምራዊው ማህተም ዷ ይደረግበታል፣ መዝገብ ላይ ቁጥር ይወጣለታል። ከዚያ በስልክ ፎቶ ይነሳና ፎቶው በኢሜይል ይላካል። የኢሜይሉ ገጽ ራሱ ባዶ ነው። «እንደምን ዋላችሁ» እንኳን የለበትም። አንድ ቀን የጊምቢቹዋን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለምን ባዶ እንደምትልክ ብጠይቃት «ምን ልጻፍበት? ደብዳቤው እኮ ውስጡ አለ» አለችኝ።

ሁለተኛው ልማድ ደግሞ ደብዳቤን ብቻውን አለመላክ ነው። ከዳምቦያ ጠዋት ኢሜይል ይልካሉ፤ ወዲያው ዋናውን ደብዳቤ በላስቲክ አድርገው መኪና ይሳፈራሉ። ስድስት ሰዓት ላይ በሬ ላይ ቆመው «ልከን ነበር፤ ደርሶ እንደሆነ ልናይ ነው» ይሉኛል። እንዴት ያናድደኝ እንደነበር! ሥልጠና ሰጥቼ ሁሉም ፊት ቀለድኩባቸው። «ከላካችሁ በኋላም የምትመጡ ከሆነ ሰርቨሩን መልሰን ፈረስ እንግዛ» አልኳቸው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ስቀው ሲያበቁ ግን ያው በልማዳቸው ቀጠሉ።

ያልሳቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የሾኔው ክሊኒክ ኃላፊ። ጡረታቸው የደረሰ፣ በዚህ አገር ስንቱን ልጅ ሲወለድ የተቀበሉ፣ ረጋ ያሉ የከምባታ ሽማግሌ ናቸው። የተማሪ ደብተር ይዘው ፊት ተቀምጠዋል። እጃቸውን አወጡ።

«እንግዲህ ከላክን በኋላ መምጣት የለብንም ነው የምትለው?»

«በፍጹም ጋሼ! እመኑት እንጂ!» አልኳቸው።

ጻፉት። ከሥሩም አሰመሩበት። ያቺ መስመር እስካሁን ትታየኛለች።

ከሥልጠናው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጉድ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶች ሪፖርት ሊያሳዩ የኢሜይል ሳጥናቸውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከፈቱት። እንግዶቹ ከዞን የመጡ ኃላፊዎች፣ ሁለት ፓስተሮች፣ አንድ ቄስና አንዲት ካቶሊክ መነኩሲት ናቸው። ከሁሉም በላይ፣ በወፍራም ፊደል፣ የደከመን ወንድነት በሦስት ቀን የሚያስነሳ መድኃኒት ማስታወቂያ ተቀምጧል። መነኩሲቷ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ፤ ጠርገው ጠርገው አልጨረሱም። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረው «ይሄን ነገር ዛሬውኑ!» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ዛሬውኑ አደረግሁት። ሰርቨሩ ላይ ስፓም የሚባለውን የማይረባ መልእክት የሚለይ ማጣሪያ አለ። ለእያንዳንዱ መልእክት እንደ ፈተና ነጥብ ይሰጣል፤ ልዩነቱ ብዙ ነጥብ ያመጣው መውደቁ ነው። ገጹ ባዶ ሆኖ ፎቶ ብቻ ከያዘ ነጥብ፣ በማያውቀው ቋንቋ ከተጻፈ ነጥብ። አምስት የሞላ ይታገዳል። እኔ ጀግናው አምስቱን ሁለት አደረግሁት። አንዴ የታገደ ላኪ ሁለተኛ ሲመጣ ቂም እንዲያዝበትና ነጥብ እንዲጨመርበትም አደረግሁ። «እገሌ ታግዷል» እያለ በየቀኑ የሚልክልኝ ማሳወቂያ አሰልቺ ስለነበር እሱንም ዘጋሁት። ከዚያ ሰባት አንቀጽ ያለው መመሪያ ጻፍኩ። ሰባተኛው «የታገዱ መልእክቶች በየሳምንቱ ሰኞ በኃላፊው ይታያሉ» ይላል። ኃላፊው እኔ ነኝ። ስንት ሰኞ መጣ፣ ስንት ሰኞ ሄደ፤ አንድም ቀን አልከፈትኩትም።

የሰው ሁሉ ሳጥን ጸዳ። ጥርት አለ! የምስጋና ወረቀቱም የመጣው ያኔ ነው። ከክሊኒኮቹ የሚመጡ ደብዳቤዎችም አብረው እየጠፉ እንደሆነ ማንም አላወቀም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ዋናውን በእጁ ይዞ ይመጣ ስለነበር ሳጥኑን የሚያይ አልነበረም።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ሾኔ፣ በእኚያ ሽማግሌ ሥር። እሷ የሆሳዕና ሃዲያ ናት፣ ካቶሊክ። እኔ አያቴ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ነኝ። ተጋብተን ዓመት ሳይሞላን የመጀመሪያ ልጃችንን ፀነሰች። የምንገናኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ በዱራሜ በኩል መኪና ቀይሬ እሄዳለሁ፣ ወይ እሷ ከነሆዷ እየተንገጫገጨች ትመጣለች። እናቷም እኔም ሆሳዕና፣ እሷ ብቻዋን እዚያ። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ እንቅልፍ ነሳኝ።

ታዲያ እግዜር ሲሰጥ፣ ሆሳዕና ክሊኒክ አንድ የነርስ ቦታ ተከፈተ። ለዝውውር አመለከተች። የቀራት ኃላፊዋ እንድትለቀቅ መስማማታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ብቻ ነው። የዝውውር ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት መድረስ አለበት፤ በባለጉዳዩ እጅ ደግሞ አይላክም፣ ደንብ ነው።

«አባባ ልኬዋለሁ ብለውኛል» አለችኝ በስልክ፤ አባባ የምትለው ሽማግሌውን ነው።

የኮሚቴውን ሳጥን አየሁ፤ የለም። ከሳምንት በኋላ «ደግመው ላኩት» አለችኝ። አየሁ፤ የለም። «ለሦስተኛ ጊዜ ላኩ» አለችኝ። የለም! ለዚያው ቦታ ያመለከተች የዳምቦያ ነርስ ነበረች። የእሷ ኃላፊ እንደ ልማዳቸው ደብዳቤውን በላስቲክ አድርገው ይዘው ከች አሉ። እኔም በሬ ላይ ሳያቸው «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሠለጥኑት?» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከሾኔ የመጣ ደብዳቤ የለም ተባለ። ቦታው ለዳምቦያዋ ተሰጠ።

ደሜ ፈላ። ሽማግሌው ጎበዝ ነርስ እንዳይወስዱባቸው ሆን ብለው ይዘዋታል ብዬ ደመደምኩ። መዝገብ ቤት ውስጥ፣ አራት ሰው ፊት፣ ስልኬን አንስቼ ደወልኩላቸው።

«እርስዎ ሰውዬ! ነርስ እንዳያጡ ብለው ነፍሰ ጡር ሴት ያስቀራሉ? ሽበትዎን እንኳን አያፍሩትም?»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ልኬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰርቨር አይዋሽም! የሚዋሸው ሰው ነው!» ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያኔ ግን ወንድ የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ለባለቤቴም ደውዬ ልኩን እንደነገርኩት አወራሁላት።

«አባባ አይዋሹም» አለችኝ።

«ቆይ፣ የምታምኚው እኔን ነው ወይስ እሳቸውን?»

«አንተንም አምንሃለሁ» አለች፤ «የማላምነው ሰርቨርህን ነው።»

ይቺ ንግግር አንገበገበችኝ። ሚስቴ ሰርቨሬን ተጠራጠረች! በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰርቨሩ የገባውንም የወጣውንም የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው። ከዚያ ላይ «ከሾኔ ምንም አልመጣም» የሚል ማስረጃ አትሜ ለባለቤቴ፣ ለኮሚቴውና ለሽማግሌው ልልክ ነው። ማህተምም ላስመታበት አስቤ ነበር፤ ተመልከቱ እንግዲህ።

የሽማግሌውን አድራሻ ጽፌ ፈልግ አልኩት። አራት መስመር አመጣልኝ።

ደረሰ፣ ታገደ። ደረሰ፣ ታገደ። ደረሰ፣ ታገደ። ደረሰ፣ ታገደ።

ወይ ጉዴ! ላብ አጠመቀኝ። ማራገቢያውን አበራሁት፤ የዚያን ቀን ደግሞ አልታዘዝም አለ። የታገዱት የሚጠራቀሙበትን ሳጥን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። የመድኃኒት ማስታወቂያው፣ የውርስ ገንዘቡ፣ የሎተሪው መአት ተከምሯል። በመካከሉ የገዛ ክሊኒኮቻችን ደብዳቤዎች፣ ሐምራዊ ማህተማቸውን እንደለበሱ ተኝተዋል። የሾኔዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሦስቱ ባዶ ገጽ ከነፎቶው ናቸው፤ ቁጥራቸው፣ ፊርማቸው፣ ማህተማቸው የተሟላ። ሁሉም ከኮሚቴው ስብሰባ በፊት ደርሰዋል።

አራተኛው የተላከው ለኔው ነው። ፎቶ የለውም። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ገጹ ላይ፣ በገዛ ጣታቸው፣ አንዳንዱን ፊደል ሁለቴ እየመቱ ጽፈዋል።

«ልጄ እንደምን አለህ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ላክሁ፤ አልደረሰም ይሉኛል። አንተ ያስተማርከኝን ከደብተሬ እያየሁ ነው የላክሁት። ምናልባት እኔ አልቻልኩበት ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ሳታፍር ንገረኝ፣ እማራለሁ። ልጅቷ ከነሆዷ እዚህ ብቻዋን መክረም የለባትም።»

ቀኑን አየሁት። ደውዬ ከመሳደቤ አንድ ቀን በፊት ነው። ማጣሪያው ሦስት ጊዜ ቂም ይዞባቸዋል። በዚያ ላይ አማርኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን እኔ ስላልነገርኩት እንደ ባዕድ ቋንቋ ቆጥሮ ነጥብ ጨምሮባቸዋል። አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰድቤ፣ ሚስቴን አስቀርቼ፣ በሬን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አጥፋው የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም ብል ውሸት ነው። መጥቶልኛል። አራቱን መስመር ብሰርዝ ማንም አያውቅም። ጣቴ ሄዶ ቁልፉ ላይ ሁሉ አርፎ ነበር። «እማራለሁ» የምትለዋ ቃል ናት የመለሰችኝ።

አራቱንም አትሜ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። አገላብጠው አዩአቸው።

«በጊዜው ደርሰዋል እኮ! ማነው ያገዳቸው?»

«ማጣሪያው ነው።»

«ማጣሪያውን ማን አዘዘው?»

«እኔ» አልኩ።

ኮሚቴው ጉዳዩን እንደገና ማየት እንደሚችል ነገሩኝ። ችግሩ የዳምቦያዋ ነርስ ዕቃዋን ጭና መጥታለች፤ ቤት ተከራይታ መጋረጃ ሰቅላለች። እኔ ዓይን አውጣው ግን እንደገና ይታይልን ብዬ ለባለቤቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አራተኛውንም ደብዳቤ አነበብኩላት።

«አንተ ላጠፋኸው እሷ ቤቷን አፍርሳ ትመለስ?» አለች። «አይሆንም። እዚሁ እወልዳለሁ። አባባ አሉልኝ። አንተ ግን መጀመሪያ መጥተህ እግራቸው ላይ ውደቅ።»

ለይቅርታ አስታራቂ ሽማግሌ ይዤ ልሂድ ብዬ አማቴን፣ የባለቤቴን እናት፣ ባማክራቸው «ስትሳደብ ማን ይዘህ ነበር? ብቻህን ሂድ» አሉኝ። ብቻዬን ሄድኩ። ስድቡ ሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም ሰው ፊት እንዲሆን ሾኔ ክሊኒክ ግቢ፣ ሠራተኛው በተሰበሰበበት፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። ያቺን የተማሪ ደብተር አወጡ። ገለጡና አሳዩኝ። «ከላክን በኋላ አንመጣም» ይላል፤ ከሥሩ ተሰምሮበታል።

«ሌሎቹ አልሰሙህም፤ ደብዳቤያቸው ደረሰላቸው» አሉኝ። «እኔ ሰማሁህ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ይቅር ብያለሁ። ግን ከእንግዲህ በስልክ አላናግርህም፤ ያንተ ስልክ ይጮኻል። ጉዳይ ሲኖረኝ እጽፍልሃለሁ። አንተ ፈልገህ አግኘው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴም ሆዷን ይዛ ስትስቅ አየኋት።

ሆሳዕና ተመልሼ ማጣሪያውን አስተካከልኩ። ሁለቱን መልሼ አምስት አደረግሁት። አማርኛ ቋንቋ መሆኑን ነገርኩት። ቂሙን አስረሳሁት። ከክሊኒኮቻችን የሚመጣ ፎቶ ያለ ነጥብ እንዲያልፍ አደረግሁ። ከዳምቦያም ከጊምቢቹም ደብዳቤ ይዘው የሚመጡትን እንግዶች ወንበር ስቤ፣ ሻይ አዝዤ መቀበል ጀመርኩ። የምስጋና ወረቀቱን አወረድኩት፤ ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። በየጠዋቱ ከሁሉ በፊት የታገዱትን ሳጥን እከፍታለሁ፤ ሰኞ ሳይል፣ ቅዳሜ ሳይል።

የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ ፍርሃቱ ባሰብኝ። ሐሙስ ጠዋት ለባለቤቴ ብደውል አታነሳም። ለአማቴ ብደውል አያነሱም። ለሽማግሌው ብደውል ዘጉብኝ። ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ሮጬ ቢሮ ገባሁና የታገዱትን ሳጥን ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈተሽኩት፤ ሎተሪውንም መድኃኒቱንም ሳይቀር አንድ በአንድ ከፈትኩ። ምንም የለም። ማጣሪያውን ዳግመኛ አስተካከልኩት። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። አራት ሰዓት ሆነ።

የዋናው ቢሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቅ አለችና «እንኳን ደስ ያለህ!» አለችኝ።

«በምኑ?»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! በሳጥንህ የመጣውን አላየህም? ለእኛም በግልባጭ ደርሶናል።»

የራሴን ሳጥን፣ የዋናውን፣ የማንም ሰው የሚያየውን፣ ለካ አልከፈትኩትም። ደብዳቤው ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ገጹ ባዶ ነው። ፎቶውን ከፈትኩ። ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ ሐምራዊ ማህተም አለው።

«ጉዳዩ፡- የልጅ መወለድን ስለማሳወቅ። ባለቤትዎ ዛሬ ንጋት ላይ ሴት ልጅ በሰላም የተገላገሉ መሆኑን እየገለጽን፣ እናትና ልጅ ደህና ስለሆኑ እንዳይጮኹ በአክብሮት እንጠይቃለን። ግልባጭ፡- ለዋናው ቢሮ መዝገብ ቤት፣ ለልጅቷ አያት (በስልክ የተነገራቸው)።»

ሾኔ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አማቴ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ናቸው፤ ቡላው በቅቤ ተሠርቶ ተበልቶ አልቋል። ባለቤቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሽማግሌው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጠገቧ ናቸው።

«ደብዳቤው ስንት ሰዓት ደረሰህ?» አለችኝ፣ እንኳን ደህና መጣህ ሳትል።

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?»

ምን ልዋሽ? «ቆሻሻው ውስጥ ስፈልገው ነበር» አልኩ።

አማቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት። ሽማግሌው ደብተራቸውን ገልጠው አንድ ነገር ጻፉና አሰመሩበት። ባለቤቴ በፎጣ የተጠቀለለችውን አነሳች፤ ቀይ፣ ጭብጥ የምታክል፣ እጇን እንደጨበጠች የተኛች።

«ያ ፎቶው ነው» አለችኝ። «ዋናዋ ይቺ ናት። ዋናው ደግሞ በእጅ ነው የሚሰጠው። በል ፈርመህ ተቀበል።»

እጄን ስዘረጋ አማቴ መጀመሪያ ተቀመጥ አሉኝ።